ሁለት ካሜራና አንድ መቀርቀሪያ፦ የአንድ ደብረ ማርቆስ ግቢ ጥበቃ በ36,000 ብር

ጉዳዩ የተነሣው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ በአክስቴ ግቢ የነበረው የውኃ መሳቢያ ዲናሞ በተሰረቀ ማግስት ነው። ዲናሞው ከሮቶው ሥር፣ በሲሚንቶ መደብ ላይ በአራት ብሎን ታስሮ የኖረ ሲሆን፣ የወሰደው ሰው ብሎኖቹን በመፍቻ አንድ በአንድ ፈትቶ፣ እንዳይጠፉ የተጨነቀላቸው ይመስል በመደቡ ጠርዝ ላይ በረድፍ ደርድሯቸው ሄዷል። አክስቴን ከዲናሞው መጥፋት ይልቅ ያንገበገባቸው ይህ እርጋታ ነበር። «ቸኩሎ ቢሆን ሌባ ነው እል ነበር፤ ይህስ ሥራ ሊሠራ የመጣ ሰው ነው» አሉኝ።

አክስቴ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ግቢያቸው ከፊት በብሎኬት፣ ከጎንና ከኋላ በቆርቆሮ የታጠረ ሲሆን፣ መንገዱ ዳር አንዲት ትንሽ ሱቅ፣ በስተግራ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራዩ አራት ሰርቪስ ክፍሎች፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ደግሞ ራሳቸው የሚኖሩበት ዋናው ቤት አለ። ሮቶውና ዲናሞው የሚገኙት በሱቁ የጓሮ በር አጠገብ ነው። የግቢው በር ብረት ነው፤ በትልቁ በር ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት ትንሽ በር ተቆርጣለች፣ በትንሿ በር ላይ ደግሞ አምሽተው የሚመጡ ተከራዮች ማንንም ሳይቀሰቅሱ እጃቸውን አስገብተው መቀርቀሪያውን እንዲከፍቱ የተተወ ቀዳዳ አለ። መቀርቀሪያው ስለዛገ መጀመሪያ ወደ ላይ ካልተነሣ አይሳብም፤ አዲስ ተከራይ ይህን እስኪለምድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ውሻም አለ፤ ዕድሜው ስለገፋ ግን ሌሊት ሲጮኽ ሳይሆን ሲያንኮራፋ ነው የሚሰማው።

ልጆቻቸው ተመካክረው ለካሜራ መግዣ 36,000 ብር ላኩ፤ ከዚህ በላይ እንደማይጨመርም አብሮ ተነገረ። እኔ በሙያዬ የኔትወርክና የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ስለሆንሁ ምርጫው በእኔ ላይ ወደቀ። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት አክስቴ የጠየቁኝን ጥያቄ ግን ከዚያ ወዲህ ካሜራ ግዛልን ለሚለኝ ሰው ሁሉ መልሼ እጠይቀዋለሁ። «ይህ ነገር ሌባውን ያስቀረዋል ወይስ ሲወጣ ይሸኘዋል?» አሉ። ይሸኘዋል፤ ብቻ በደንብ አይቶ ይሸኘዋል ብዬ መለስሁላቸው። «እንግዲያው ገንዘቡን በሙሉ ለሸኚው አትስጠው» አሉኝ። የበጀቱ አከፋፈል የተወሰነው በዚህች ቃል ነው ማለት እችላለሁ።

የቀረቡት አማራጮች

የመጀመሪያው ሐሳብ የመጣው አዲስ አበባ ከሚኖረው የአክስቴ የመጀመሪያ ልጅ ነበር። መርካቶ ካለ አንድ ሱቅ ፕሮፎርማ አውጥቶ ላከ፦ ስምንት ካሜራ፣ የስምንት ካሜራ ምስል ተቀብሎ የሚቀርጽ ሳጥን (ስምንት ቻናል ዲቪአር)፣ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ፣ 200 ሜትር ገመድና ማስገጠሚያ፣ በድምሩ 61,500 ብር። የውጭ ምንዛሬው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲመራ ከተደረገና ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100 ብርን ካለፈ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተመንድጎ ስለነበር፣ ፕሮፎርማው የተጋነነ ነበር ለማለት አልደፍርም። ሆኖም ከበጀቱ በ25,500 ብር ይበልጣል። የአክስቴ ልጅ ያቀረበው መፍትሔ ስምንቱን ካሜራ ርካሽ በሆነ ዓይነት መተካት ነበር፤ ይህን ያልተቀበልሁበትን ምክንያት ወደ ኋላ በቁጥር አሳያለሁ።

ሁለተኛው አማራጭ በዋይፋይ የሚሠሩ፣ ሚሞሪ በሆዳቸው የሚይዙ አራት ካሜራዎች ነበሩ። ዋጋቸው ከነሚሞሪያቸው 22,800 ብር ስለሆነ ከበጀቱ በታች ናቸው፤ ገመድ አይጎተትላቸውም፤ በስልክም ይታያሉ። ብዙ ሰው የሚገዛቸው በዚህ ምክንያት ነውና ነገሩን ቀለል አድርጌ አላየሁትም። ይሁን እንጂ ሦስት ነገር ከለከለኝ። ገመድ አልባ የሚባሉት ካሜራዎች አብዛኞቹ ገመድ የማያስፈልጋቸው ለምስሉ ብቻ ነው፤ ኃይል ለማግኘት እያንዳንዳቸው አዳፕተርና ሶኬት ይፈልጋሉ፣ መብራት ሲሄድ ለአራቱም በየቦታቸው ባትሪ ማቆም ሊያስፈልግ ነው። በተጨማሪም የተቀረጸው ምስል ያለው ካሜራው ውስጥ በገባችው ሚሞሪ ላይ ስለሆነ፣ ሌባው ካሜራውን ነቅሎ ከወሰደው ምስክሩንም አብሮ ይዞት ይሄዳል።

ሦስተኛው ምክንያት የኢንተርኔቱ ነው። ምስሉ በሩቅ ባለ የኩባንያ ኮምፒውተር ይቀመጥ ለሚለው የዚህ ዓይነት ካሜራዎች መፍትሔ ኔትወርክ የማይቋረጥበት አገር ያስፈልጋል። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የዚህ አካባቢ ሰው የሚረሳው አይደለም፤ በዚያ ወቅት ያለ ኢንተርኔት መቅረጽ የማይችል ካሜራ የገዛ ሰው ግድግዳ ላይ የሰቀለው ጌጥ ነበር። ስለዚህ ለራሴ አንድ መመዘኛ አወጣሁ፦ መብራትና ኔትወርክ በአንድ ሌሊት ሁለቱም ቢጠፉ፣ ምስሉ ግቢው ውስጥ በተቆለፈ ቦታ ተቀርጾ ያድራል ወይ? ይህን የማያሟላ ዕቃ የፈለገውን ያህል ጥራት ቢኖረው ከዝርዝሩ ተሰረዘ።

ምስሉንም ኃይሉንም በአንድ የኔትወርክ ገመድ የሚያስኬዱት አይፒ ካሜራዎች መመዘኛውን ያልፋሉ፤ በጀቱን ግን አያልፉም። የቀረው በገመድ የሚሠራው፣ ምስሉን ቤት ውስጥ ወደ ተቀመጠ ዲቪአር የሚልከው የቆየው ዓይነት ነው፤ ክርክሩም ስንት ካሜራና የት የሚለው ሆነ።

ዘጠኝ ነጥብ ፊት

ፕሮፎርማው ላይ ለግቢው በር የታሰበው ካሜራ በዋናው ቤት ጣሪያ ጠርዝ፣ ከበሩ 14 ሜትር ርቆ የሚሰቀል ነበር። ሌንሱ 2.8 ሚሊሜትር ነው። በገበያችን በብዛት የሚገኘው ይህ ሌንስ ወደ 100 ዲግሪ ስለሚያይ ሻጮች «ግቢውን በሙሉ ያሳያል» ይሉታል፤ እውነትም ያሳያል። ችግሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ የምስሉ ወርድ 1,920 ነጥብ (ፒክስል) ነው፤ ይህ ነጥብ የሚታየው ቦታ ሰፋም ጠበበም አይጨምርም አይቀንስም። 100 ዲግሪ የሚያይ ሌንስ በ14 ሜትር ርቀት ላይ 33 ሜትር ያህል ወርድ ስለሚሸፍን፣ ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 58 ነጥብ ብቻ ነው። የሰው ፊት ወርዱ 16 ሳንቲሜትር ቢሆን ዘጠኝ ነጥብ ይደርሰዋል። በዘጠኝ ነጥብ ሰው መኖሩ ይታወቃል፤ ማን መሆኑ አይታወቅም። በዓለም አቀፉ 62676-4 በሚባለው የጥበቃ ካሜራ ደረጃ መሠረት የማይታወቅን ሰው ማንነት ለመለየት ለአንድ ሜትር 250 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ይህም ለፊት 40 ነጥብ ማለት ነው። የ2.8 ሌንስ ይህን የሚሰጠው እስከ ሦስት ሜትር ገደማ ድረስ ብቻ ነው።

እንግዲህ ስምንት ካሜራ በጣሪያ ጠርዝ ዙሪያ ቢሰቀል የሚገኘው ስምንት ቦታ ላይ ማንነቱ የማይለይ ሰው ነው። ካሜራውን በርካሽ መተካት ደግሞ ይህን ያባብሰዋል እንጂ አያሽለውም። የአክስቴን ልጅ በስልክ ለማሳመን ቁጥሩ ብቻ ስላልበቃ፣ አንድ ሌላ ነገር አደረግሁ፦ ማታ ስልኬን ከጣሪያው ጠርዝ ጋር አስሬ፣ ታናሽ ወንድሜ በር ላይ እንዲቆም አድርጌ ፎቶ አነሣሁና ላክሁለት። «ማነው ይሄ?» ብሎ ጻፈልኝ። አብሮት ያደገው የአጎቱ ልጅ መሆኑን ስነግረው የስምንቱ ካሜራ ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ካሜራ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ሙከራ ቢያደርግ እመክራለሁ፤ ከገመድና ከመሰላል በቀር ወጪ የለውም።

ለበሩ የመረጥሁት 6 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ካሜራ ነው። ይህ ሌንስ ወደ 50 ዲግሪ ብቻ ስለሚያይ ግቢውን አያሳይም፤ የሰርቪሱ ግድግዳ ጫፍ ላይ፣ ከትንሿ በር በአምስት ሜትር ርቀት ሲቀመጥ ግን ለአንድ ሜትር 412 ነጥብ፣ ለፊት ደግሞ 66 ነጥብ ይሰጣል። ሁለተኛው ካሜራ 2.8 ሆኖ ከዲናሞውና ከሱቁ የጓሮ በር በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ተቀመጠ፤ እዚያ 269 ነጥብ ስለሚደርስ ይበቃል። የቀረውን ግቢ ሆን ብለን ሳናይ ተውነው። ይህ ለመወሰን ከባድ ነበር፤ አክስቴም የኋላው የቆርቆሮ አጥር ሳይታይ መቅረቱን በደስታ አልተቀበሉትም። ነገር ግን በዚያ በኩል የዘለለም ሰው ቢሆን ዲናሞውን ወይም የሱቁን ዕቃ ፈልጎ ወደ ሁለተኛው ካሜራ መምጣቱ አይቀርም፤ ዲናሞ ተሸክሞ ደግሞ በቆርቆሮ አጥር ላይ አይወጣም፣ በበሩ ይወጣል።

ወጪው

የገዛነውን እንዳለ ላስቀምጥ። አራት ቻናል ዲቪአር 6,800 ብር፣ ሁለት ካሜራ እያንዳንዱ 3,200 ሆኖ 6,400 ብር፣ ለካሜራ ሥራ የተዘጋጀ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ 8,500 ብር፣ ገመድ 45 ሜትር በ45 ብር ሒሳብ 2,025 ብር፣ ባትሪ የሚቀበል ባለ 12 ቮልት የኃይል ሳጥንና 20 አምፒር ሰዓት ባትሪ 7,000 ብር፣ እንቅስቃሴ ሲያዩ የሚበሩ ሁለት አምፖሎች 1,400 ብር፣ ለሱቁ የጓሮ በር ጠንካራ ጓጉንቸር ቁልፍ 1,000 ብር፣ በአዲሱ ዲናሞ ዙሪያ የሚበየድ የብረት ፍርግርግ 2,500 ብር። ድምሩ 35,625 ብር ነው። የተረፈውን 375 ብር አክስቴ በፖስታ አድርገው ቁምሳጥን ውስጥ አኖሩት። አዲሱን ዲናሞ በራሳቸው ገንዘብ ገዝተዋል፤ እኔና ወንድሜ የገጠምንበትን ዋጋ አላስከፈልንም፤ ምሳው ግን ከሁለት ቀን በላይ ቀጥሎ ነበር።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ሰው ሁሉ «ይቅር» ያለኝ የባትሪውን 7,000 ብር ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሜ የያዝሁት እርሱን ነበር። ዲቪአሩ ከነዲስኩ 12 ዋት፣ ካሜራዎቹ ሌሊት ኢንፍራሬዳቸው (በጨለማ እንዲያዩ የሚረዳቸው፣ ለሰው ዓይን የማይታይ ብርሃን) ሲበራ እያንዳንዳቸው 4 ዋት፣ በድምሩ 20 ዋት ያህል ይወስዳሉ። ባትሪው ሲሞላ 240 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዲህ ያለው የሊድ ባትሪ በየጊዜው ሙሉ በሙሉ ከተሟጠጠ ቶሎ ስለሚሞት ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል ስድስት ሰዓት ያድራል። መብራት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ቢሄድ እስኪነጋ ይበቃል ማለት ነው። ሌባ ጨለማ የሚመርጥ መሆኑ እየታወቀ መብራት ሲጠፋ የሚተኛ ካሜራ መግዛት ዘበኛ ቀጥሮ ሌሊት ሌሊት ወደ ቤቱ መስደድ ይመስለኛል።

ዲስኩን በሚመለከት፣ አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ሲጽፍ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይይዛል፤ ሁለቱ 43 ጊጋባይት ያህል ስለሚሆኑ 1 ቴራባይቱ 23 ቀን ያቆያል። ስምንት ካሜራ ቢሆን ኖሮ ያው ዲስክ ስድስት ቀን አይሞላም ነበር። አክስቴ ለፋሲካ ወደ ገጠር ሲወርዱ ሁለት ሳምንት መቆየታቸው የተለመደ ነው፤ ሲመለሱ የጠፋ ነገር ቢያገኙ ምስሉ እስከዚያ መቆየት አለበት።

የመጀመሪያው ሌሊት

በታኅሣሥ አጋማሽ ገጥመን ስንጨርስ ቀን ላይ ሁሉም ነገር ያማረ ነበር። ምሽት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የበሩ ካሜራ ጠፋ፤ ተመልሶ በራ፤ እንደገና ጠፋ። በየደቂቃው እንዲህ ሲያደርግ ካሜራው የተበላሸ መስሎን ልንመልሰው ፈትተን ነበር። ወንድሜ ግን ቀን ሠርቶ ሲጨልም ብቻ መታወኩን ሲያስተውል ነገሩ ገባኝ። ሲጨልም ኢንፍራሬዱ ስለሚበራ ካሜራው ብዙ ኃይል ይስባል። ገመዱ 32 ሜትር ርቀት የሚሄድ ነው፤ ከሳጥኑ 12 ቮልት የወጣው ኃይል ካሜራው ጋ ሲደርስ ስለካው 10 ቮልት ብቻ ሆኖ ተገኘ። የገመዱን የኃይል ሽቦ በቢላ ፋቅ ሳደርገው ከላይ ቀይ፣ ከውስጥ ነጭ ነው፤ መዳብ ተብሎ የተሸጠልን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ኖሯል። አሉሚኒየም ኃይል የማስተላለፍ ችሎታው የመዳብ ስድሳ በመቶ ያህል ነው፤ ሽቦውም ቀጭን ነበር። ሻጩን መውቀሱ ምንም አልፈየደልንም፤ ቤቱ ሲሠራ የተረፈ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመብራት ሽቦ ዕቃ ቤት ውስጥ ስለነበር ለኃይሉ እርሱን ዘረጋን። ካሜራው ጋ 11.7 ቮልት ደረሰ፤ ከዚያ ሌሊት ጀምሮም አልጠፋም። ገመድ የሚገዛ ሰው ትንሽ ቢላ ይዞ ቢሄድ ሻጩ ቅር ሊለው ይችላል፣ ገንዘቡ ግን የገዢው ነው።

ሌላው ስሕተት የእኔው ነው። ሰው እንዳይደርስበት ብዬ የበሩን ካሜራ መጀመሪያ 3.6 ሜትር ከፍታ ላይ ሰቀልሁት። የማርቆስን ብርድ የማውቅ ሰው ይህን ማድረግ አልነበረብኝም። ማታ የሚገባው ሰው ሁሉ ጋቢውን ወይም የጃኬቱን ቆብ ተከናንቦ ነው፤ ከላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ወይም ጥቁር ቆብ ነው። በማግስቱ ወደ 2.2 ሜትር አወረድሁት። በትንሿ በር የሚገባ ሰው ጎንበስ ካለበት ቀና ሲል ፊቱ በቀጥታ ወደ ካሜራው ይመጣል፤ የዚህ አንግል ዋጋ ከሌንስም ከሜጋፒክስልም ይበልጣል።

ክረምቱን ያየነው በኋላ ቢሆንም እዚሁ ላይ መናገሩ ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ከተማው ውስጥ ጉም ሲወርድ ኢንፍራሬዱ ከጉሙ እየተመለሰ ምስሉን ነጭ መጋረጃ ያለብሰዋል፤ አምፖሉን ከካሜራው ጎን ሳይሆን ራቅ አድርጎ በሌላ አቅጣጫ ማብራት ይህን በእጅጉ ቀንሶታል። ሸረሪት የኢንፍራሬዱን ሙቀትና የሚሰበሰቡትን ነፍሳት ስለሚወድ በየሁለት ሳምንቱ ሌንሱ ፊት ያደራው ድር በመጥረጊያ ይጠረጋል። መብረቅ በሚበዛበት ከሰዓት ደግሞ አክስቴ የኃይል ሳጥኑን ከሶኬት ይነቅሉታል፤ ባትሪው ስላለ ቀረጻው አይቋረጥም።

የአክስቴ ልጅ ግቢውን ከአዲስ አበባ በስልኩ ለማየት ያለው ፍላጎት አልቀረም ነበር። ዲቪአሩን ከኢንተርኔት ጋር በቋሚነት አላገናኘሁትም፤ ሲያስፈልግ በአክስቴ ስልክ በኩል ይገናኛል። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለው የኮምፒውተር ተባይ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል ያልተለወጠላቸውን ካሜራዎችና ዲቪአሮች በብዛት ወርሮ ታላላቅ ድረ ገጾችን እንደጣለ ስለማስታውስ፣ የይለፍ ቃሉን ገና ሳጥኑ እንደተከፈተ ለውጬ አክስቴ በእጃቸው ጽፈው እንዲይዙት አድርጌአለሁ።

የተከራዮቹ ጉዳይ

አራት ቻናል ያለው ዲቪአር ሁለት ካሜራ ብቻ ሲይዝ ሁለት ባዶ ቀዳዳ ይተርፋል፤ አክስቴም እዚያ ላይ ዓይናቸውን ጣሉ። ሦስተኛ ካሜራ ቆይቶ ቢገዛና ወደ ሰርቪስ ክፍሎቹ ቢዞር መልካም መሆኑን ነገሩኝ። ምክንያታቸው ሌባ ነበር፤ ሙሉ ምክንያታቸው ግን እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የቧንቧው ውኃ፣ የልብስ ማጠቢያውና መጸዳጃ ቤቱ ያሉት በዚያ በኩል ነው፤ ከተከራዮቹ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ መሰላሉን ይዛልኝ ቆማ ሳለ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እትዬ ስንት ሰዓት እንደምገባ ሊያዩበት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን ጥያቄ ለአክስቴ እንዳለ አደረስሁት። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን መብት አድርጎ ማስቀመጡን ጨምሬ ነገርኋቸው፤ እርሳቸውን ያሸነፋቸው ግን አንቀጹ ሳይሆን ሌላ ነገር ይመስለኛል። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ራሳቸው መምህርት ሆነው በተመደቡበት ገጠር ተከራይተው ሲኖሩ አከራያቸው ወጥተው እስኪገቡ ደጃፍ ቁጭ ብለው ይጠብቋቸው እንደነበር አነሡ። ሦስተኛው ካሜራ ቀረ። የበሩ ካሜራ ምስል ውስጥ የሚገባው የአንደኛው ክፍል በር በዲቪአሩ ላይ በጥቁር ሽፋን ተደፈነ፤ ተከራዮቹም ተጠርተው ካሜራው የሚያየውን በስክሪን ተመለከቱ። ዲቪአሩ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ተቀመጠ፤ የጠፋ ነገር ከሌለ እንዳይከፈትም ተስማማን። አክስቴ ቃላቸውን ሁልጊዜ ጠብቀዋል ብዬ ግን አልምልም።

በቁምሳጥኑ በር ጀርባ አንድ ወረቀት ለጥፌአለሁ። ዲቪአሩ የሚያሳየው የፈረንጅ ቀንና ሰዓት ስለሆነ፣ የእኛ የትኛው ቀንና ስንት ሰዓት እንደሚሆን በሰንጠረዥ ተጽፎበታል። መጀመሪያ ላይ ኃይል ሙሉ በሙሉ በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ፈረንጆቹ 2000 ዓመት መጀመሪያ ይመለስ ስለነበር በውስጡ ያለችውን የሰዓት ባትሪ ለውጫለሁ። ቀኑ የተሳሳተ ምስል ፖሊስ ዘንድ ሲቀርብ የሚፈጥረውን ክርክር በሌላ ደንበኛዬ ቤት አይቼዋለሁ።

መጋቢት 12

ምስሉ ላይ 2025-03-21፣ 02:40 ይላል፤ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 8:40 መሆኑ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር። እንቅስቃሴ ሲያዩ ሊበሩ ይገባ የነበሩት ሁለቱ አምፖሎች በቀጥታ ከቆጣሪው ኃይል የሚያገኙ ስለነበሩ አልበሩም፤ ለካሜራው ባትሪ የገዛሁት ሰው አምፖሉን መርሳቴን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ካሜራዎቹ ግን እየቀረጹ ነበር። አንድ ሰው በትንሿ በር ገባ፣ ወደ ዲናሞው ሄደ፣ ፍርግርጉን በመፍቻም በእጁም ሞከረ፣ ስድስት ደቂቃ ያህል ታግሎ ተወው፣ በመጣበት ተመለሰ። ውሻው አልተነሣም።

ሰውየው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ድረስ ተከናንቧል። ያን ሁሉ ያሰላሁላቸው 66 ነጥቦች ጋቢ ሆነው ቀሩ። እኔ ምስሉን እያቆምሁ፣ እያጎላሁ፣ ዓይኑን ብቻ እንኳ ለማውጣት ስደክም አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ከጎኔ ተቀመጡና ከመጀመሪያው መልሼ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ ከዚያም ሰውየው ከመግባቱ በፊት ያለውን፣ ምንም የማይታይበትን ክፍል። በሩ ተዘግቷል። ከቀዳዳው አንድ እጅ እስከ ክርኑ ይገባል። እጁ አይፈልግም፣ አይዳስስም፤ በቀጥታ መቀርቀሪያውን ይይዛል፣ መጀመሪያ ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ከዚያ ይስበዋል። ይህ ሁሉ ሁለት ሰከንድ አልፈጀም።

«ፊቱን ተወው» አሉ አክስቴ። «እጁ ቤቱን ያውቀዋል።»

በዚያ ግቢ በየዓመቱ ተማሪ ይገባል፣ ይወጣል፤ ዲናሞ የጠገነ፣ ቆጣሪ ያነበበ፣ በቆሎ ያራገፈ ሰው ሁሉ በዚያች በር አልፏል። አክስቴ ማንንም በስም አልጠሩም፤ እኔም እንዲጠሩ አልጠየቅሁም። ምስሉን በፍላሽ ገልብጬ፣ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፌ ለፖሊስ ሰጠን። ከሁለቱ አምፖሎች አንዱን ከባትሪው ኃይል በሚያገኝ ባለ 12 ቮልት አምፖል ቀየርን፤ ለተከራዮቹ የትንሿ በር ቁልፍ ተቀርጾ ተሰጣቸው። በዚያው ሳምንት ፍርግርጉን የሠራው በያጅ ተጠርቶ ቀዳዳውን በላሜራ ደፈነው። ዋጋው 350 ብር ነበር፤ አክስቴ ቁምሳጥኑን ከፍተው ከፖስታው ውስጥ ከፈሉት።